የጓሮ ጌሾ ችግኝ፦ በሰሜን ሸዋ ገበያ ከሚሸጠው የትኛው ይገዛል?

ክረምቱ ገብቶ መሬቱ ውኃ ሲጠግብ በሰሜን ሸዋ ገበያዎች ሦስት ዓይነት የጌሾ ችግኝ ይወጣል። አንደኛው በመንግሥት ችግኝ ጣቢያ በጥቁር ፕላስቲክ ቱቦ የፈላው ነው። ሁለተኛው የግል ችግኝ አፍዪዎች በመንገድ ዳር ደርድረው የሚሸጡት ሲሆን ብዙ ጊዜ ረዘም ያለና ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ ነው። ሦስተኛው ከእናት ዛፉ ሥር የረገፈው ዘር ራሱ በቅሎ፣ ገበሬው ነቅሎ በእርጥብ ሣር ጠቅልሎ የሚያወጣው፣ አፈር ያልያዘ ችግኝ ነው። ዋጋቸው ይለያያል፤ የመጽደቅ ዕድላቸው ደግሞ ከዋጋቸው የባሰ ይለያያል።

ለጓሮ የምንመርጠውን ከወዲሁ እንናገር። በቱቦ ያደገ፣ ቁመቱ ከ25 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ግንዱ እርሳስ ሊያክል የተቃረበ፣ የመጨረሻውን አንድ ወር ደግሞ ያለ ዳስ ፀሐይና ነፋስ ሲመታው የከረመ ችግኝ ይገዛ። ሻጩ የመንግሥት ይሁን የግል ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ገዢው ቁመትና ወዝ አይቶ ይከፍላል፤ ጌሾን ለዓመታት የሚያኖረው ግን ሥሩ ነው።

ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር። የተለመደው የችግኝ ቱቦ ወርዱ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ቁመቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ጌሾ በዚህ ቱቦ ውስጥ ዓመት ካለፈው ዋናው ሥር ታች ደርሶ ይታጠፋል፤ የጎን ሥሮቹም በፕላስቲኩ ዙሪያ ይጠመጠማሉ። የተጠመጠመ ሥር መሬት ከገባም በኋላ በራሱ አይፈታም። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ችግኙ ደህና ይመስላል፣ አዲስ ቅጠልም ያወጣል። በጋው ሲመጣና የላይኛው አፈር ሲደርቅ ግን ሥሩ ወደ ታች ወርዶ እርጥበት መፈለግ ስለማይችል ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። ባለቤቱ ውኃ ያነሰው መስሎት አብዝቶ ያጠጣል። ችግሩ ግን ከገበያ አብሮ የመጣ ነው። ግማሽ ሜትር ያለፈ ጌሾ በዚያች ትንሽ ቱቦ ውስጥ ቆሞ ካዩ፣ ዋጋው ቢቀነስልዎትም ይለፉት።

መመርመሩ ጊዜ አይወስድም። ቱቦውን ከነችግኙ አንሥተው ታቹን ይዩ። በታችኛው ቀዳዳ ሁለት ሦስት ነጫጭ ቀጫጭን ሥሮች ብቅ ካሉ ዕድሜው ልክ ነው። ወፍራም ቡናማ ሥር ተበጥሶ ከታየ ግን ችግኙ ቱቦውን አልፎ መሬት ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ሲነሣ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ውኃ ይስብበት የነበረው ዋናው ክፍል ችግኝ ጣቢያው ቀርቷል። ቀጥሎ ቱቦውን በጣት ጫን ያድርጉት። አፈሩ እንደ ጡብ ከጠነከረ ወይ ሥሩ ሞልቶታል፣ ወይ ቱቦው የተሞላው በዋልካ ብቻ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅም ቀጫጭኑን ሥር ይበጥሳል። ደህና አፍዪ የሚጠቀመው 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ኮምፖስትና 1 እጅ አሸዋ ነው፤ ይህን ሻጩን ቢጠይቁት ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ ሳያመነታ ይነግርዎታል። በመጨረሻ ግንዱን ይዘው በቀስታ ወደ ላይ ሳብ ያድርጉት። አፈሩ አብሮ ከተነሣ ጥሩ ነው። ግንዱ ከአፈሩ እየተንሸራተተ ከወጣ ግን ችግኙ ከመደብ ወደ ቱቦ የተዛወረው በቅርቡ ስለሆነ ገና ሥር አልያዘም።

ቅጠሉም የሚናገረው አለው። በጥላ ብቻ ያደገ ጌሾ ቅጠሉ ሰፊና ለስላሳ፣ ከአንዱ ቅጠል እስከ ሌላው ያለው ርቀት ረጅም፣ ግንዱም ቀጭንና የሚወዛወዝ ይሆናል። ዩሪያ የበዛበትም እንደዚሁ ነው። ለዓይን ከሁሉ የሚያምረው ይህ ነው፤ ነፋስ የሚበዛበት ደጋ ላይ ሲተከል ግን ጥቂት ቀን ሳይቆይ የቅጠሉ ዳር ይቃጠላል። የግል ሻጮች ዕቃ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። የሚያብረቀርቀውን ቀድሞ የሚያነሣ ገዢ ስላለ አፍዪውም ዳሱን የሚያነሣበት ምክንያት አያገኝም። ከገዙት ወዲያ ማረሚያው ማላመድ ነው፦ ሁለት ሳምንት የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚያገኝበት ቦታ ማቆየት፣ ውኃውን በየቀኑ ሳይሆን ቀን እየዘለሉ ማጠጣት፣ ከዚያም ለአንድ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ አውጥቶ መትከል።

የመንግሥት ችግኝ ጣቢያዎች ዕቃ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ከመትከያው ወቅት በፊት ዳሱ ይነሣል፣ ውኃውም ይቀነሳል። ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። ችግሩ ያለው አሻሻጡ ላይ ነው። ዋናው ሥራቸው የደን ችግኝ ስለሆነ ለጌሾ የሚደርሰው መደብ ትንሽ ነው፤ ሐምሌ አጋማሽ ካለፈ የሚቀረው ተመርጦ የተተወው ነው። በብዛት ለሚወስድ ቅድሚያ ስለሚሰጥም አምስት ስድስት ችግኝ ብቻ የሚፈልግ ሰው አንድ በአንድ መርጦ ለማንሣት ይቸገራል። የግል ሻጭ ጋ ግን እያገላበጡ መምረጥ ይቻላል፣ ጥያቄም ይመለሳል። ለጥቂት ችግኝ እኛ የግሉን የምንመርጠው ለዚህ ነው፤ ከላይ ያልነው ምርመራ እስከተደረገ ድረስ።

ከእናት ዛፍ ሥር የሚነቀለው ከሁሉ ርካሽ ነው። አንኮበር አካባቢ ጉም በማይጠፋበት ወቅት፣ ጠዋት ተነቅሎ ከሰዓት በኋላ ከተተከለ ይጸድቃል። ከቁርጭምጭሚት በላይ ያላደገው ይመረጥ፤ ቅጠሉ በግማሽ ይቀነስ፤ ሥሩ በቀጠነ ጭቃ ተነክሮ እስከሚተከል ድረስ ነፋስ አይንካው። አድሮ የሚተከል ከሆነ ግን በርካሽ መገዛቱ አይጠቅምም። ሥሩ ላይ ያሉት ፀጉር መሰል ክሮች ቶሎ ይደርቃሉ፣ ውኃ የሚስቡትም እነሱ ናቸው።

አንድ ነገር ሳይለዩ ገንዘብ አይክፈሉ፦ ጌሾና ጸዶ ችግኝ ሳሉ ይደባለቃሉ። ዘመዳሞች ናቸው፤ ጸዶም ለጠጅ የሚውልበት ቦታ አለ። የጌሾ ቅጠል ግን ረዘም ያለ፣ ጫፉ የሾለ፣ ላዩ በሰም የተወለወለ የሚመስል፣ ዳሩ በጥቃቅን ጥርስ የተከበበ፣ ጅማቱም ከላይ ሰመጥ ብሎ የሚታይ ነው። የጸዶ ቅጠል በጣም ያነሰ ነው። ጠላ ጠማቂ ቤት ጸዶ ተክሎ ሦስት ዓመት ከጠበቀ በኋላ ያንን ትንንሽ ቅጠል መልቀም ከባድ ኪሳራ ነው። ጠርጥረው ከሆነ አንድ የበሰለ ቅጠል ቆርጠው ያኝኩ፤ የጌሾ ምሬት ቶሎ አይለቅም።

በነገራችን ላይ ጌሾን «የሐበሻ ሆፕስ» የሚሉት አሉ። ሥራቸው ይመሳሰላል እንጂ ዝምድና የላቸውም። ደብረ ብርሃን ያሉት ቢራ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት ሆፕስ የሚጠመጠም ሐረግ ነው፤ በዕፅዋት አመዳደብ ከካናቢስ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ጌሾ ግን ከቁርቁራ ጋር የሚመደብ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ ቁጥቋጦ ነው። ስለዚህ ስለ ሆፕስ አተካከል የተጻፈ ምክር፣ ገመድ መወጠሩም ሆነ በየዓመቱ ከመሬት መቁረጡ፣ ለጌሾ አይሠራም።

አሁን ወደ ቦታው። በአንኮበር፣ በመርሐቤቴና በምንጃር ወይና ደጋ ጌሾ ብዙ አያስቸግርም። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ያለ ከፊል ጥላና ያለ መስኖ ባይሞከር ይሻላል። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ችግኝን የሚፈጀው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚወርደው ውርጭ ነው። መሐል ሜዳ ከዚህም ከፍ ይላል። ለእነዚህ ቦታዎች ሲገዙ ችግኙ የፈላው የት እንደሆነ ይጠይቁ። ቆላ ፈልቶ በመኪና የመጣ ችግኝ ለመጀመሪያው ውርጭ አይበረታም፤ እዚያው ደጋ የፈላው ቢያንስ አንድ የብርድ ወቅት አይቷል።

ውርጭ ቦታ ይመርጣል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ዝቅታ ይፈስሳል። ከበሬሳ ወንዝ ዳር ያለ ጓሮና ከፍ ብሎ ተዳፋት ላይ ያለ ጓሮ በአንድ ሌሊት የሚደርስባቸው ጉዳት የተለያየው ለዚህ ነው። በጓሮው ውስጥም ቢሆን ዝቅ ያለውን ማዕዘንና ከድንጋይ አጥር በላይ በኩል ያለውን ይተዉ፤ አጥሩ የሚወርደውን ብርድ ይገድበዋል፣ ችግኙም እዚያ ውስጥ ያድራል። የሚመረጠው ቀን ፀሐይ የጠገበ የቤት ግድግዳ አጠገብ፣ ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 2 ሜትር ርቆ ነው። ወደ ምዕራብ የዞረ ግድግዳ ወደ ምሥራቅ ከዞረው ይሻላል፤ ውርጭ ያደረበትን ቅጠል የንጋት ፀሐይ በቀጥታ ሲመታው በረዶው ቶሎ ስለሚቀልጥ ጉዳቱ ይብሳል።

በመጀመሪያው ዓመት ማልበስ ግድ ነው። አራት እንጨት ይተከል፣ ላዩ ላይ ጆንያ ይዘርጋ፣ ጆንያው ቅጠሉን አይንካ፤ የነካው ቦታ ይቃጠላል። ሲመሽ ይለብሳል፣ ረፋድ ላይ ይገፈፋል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ የሌለበት ምሽት ካዩ ከሰዓት በኋላ አፈሩን ያጠጡት፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ይለቃል። ብዙዎች የማያስተውሉት ጉዝጓዙን ነው። በበጋ ሣርና ገለባ ከሥሩ ማልበስ ያስፈልጋል፤ በውርጭ ወራት ግን ጉዝጓዙ የአፈሩ ሙቀት ወደ ቅጠሉ እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ በጥቅምት ከግንዱ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ገፈፍ ያድርጉትና ጥር ሲያልቅ ይመልሱት። ውርጭ ቅጠሉን አጥቁሮ የተቀቀለ አስመስሎት ቢያድር አይቁረጡት። የሞተው ጫፍ የታቹን ይሸፍናል። የካቲት ላይ ቅርፊቱን በጥፍር ጫር ያድርጉት፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ሕያው ነው፣ እስከዚያ ድረስ ብቻ ይገረዛል።

ጉድጓዱ ወርዱም ጥልቀቱም 50 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ የላዩና የታቹ አፈር ለየብቻ ይውጣ። የላዩ አፈር ከአንድ ባልዲ የበሰለ ፍግ ጋር ተደባልቆ መጀመሪያ ይመለሳል። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ ትልም ይጠራል። ቱቦው ሙሉ በሙሉ ተቀዶ ይውጣ፤ ታቹን ብቻ ቀድዶ መትከል በየጓሮው የሚታይ ጥፋት ነው። ሥሩ ታች ላይ ታጥፎ ከተገኘ የመጨረሻዋ አንድ ሴንቲ ሜትር በስለት ትቆረጥ። ችግኙ በቱቦው ውስጥ ከነበረው በላይ አይቀበር፤ ግንዱ አፈር ከለበሰ ይበሰብሳል። በችግኝ መካከል ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 2 ሜትር ይተው። ባሕር ዛፍ ካለ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቁ፤ ውኃውን ይቀማዋል።

ዋልካ ላይ የሚተክል ሰው ግን ጉድጓድ ብቻ መቆፈር አይበቃውም። በዋልካ የተቆፈረ ጉድጓድ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ያቁራል፣ ጌሾም ሥሩ ውኃ ውስጥ ቆሞ መክረም አይችልም፤ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ይጠወልግና ሲነቀል ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል። የእነዋሪ ገበሬ ለስንዴው ዝርግ መደብ በእጁ ሠርቶ ውኃውን እንደሚያጠነፍፈው፣ ለጌሾም 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ ጉብታ ይሠራ፣ በዙሪያው ቦይ ይውጣ፣ ችግኙ ጉብታው ላይ ይተከል።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ በመጀመሪያው በጋ ለአንድ ችግኝ በሳምንት 10 ሊትር ይበቃል፣ በአንድ ጊዜ በዝግታ የሚፈስ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። ፍየል ጌሾ ስለሚወድ አጥር ያስፈልጋል። ለጋ ቀንበጥ ላይ ክሽክሽ (ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ከታየ ውኃ በኃይል ይረጭበት፤ ካልለቀቀ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ የቅጠሉን ሆድ ማጠብና በማግስቱ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ነው። ለእርሻ የሚረጭ ፀረ ተባይ ጌሾ ላይ አይረጭ። ይህ ቅጠል ተወቅጦ ጋን ውስጥ የሚገባ፣ ሰው የሚጠጣው ነገር ነው። ሻጩንም ችግኙ ላይ ምን እንደተረጨ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁት።

በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል አይለቀም። ግንዱ ከጉልበት በላይ ሲደርስ ጫፉ ይቀንጠስ፤ ከጎን ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ለቃሚም መሰላል አያሻውም። ሁለተኛው ዓመት ላይ ጥቂት፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ደህና አድርጎ ይለቀማል፤ ሁልጊዜ ከቅጠሉ ሲሶው ዛፉ ላይ ይቅር። በእጅ መላጥ ዓይኑን ይገነጥለዋልና ቅርንጫፉን በመግረዣ መቀስ ቆርጦ ቅጠሉን መሬት ላይ ማራገፍ ይሻላል። እንዲህ ሲደረግ እንጨቱም አይባክንም፦ ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ተቆራርጦና ተፈልጦ ለጠጅ ይሆናል። ጠጅ ላይ ቅጠል ከበዛ መልኩን ያጠቁራል፣ ምሬቱም ከማሩ በላይ ይወጣል። ቅጠሉ በቀጭኑ ተሰጥቶ፣ በቀን ሁለት ጊዜ እየተገለበጠ፣ ሲጨብጡት ብትን እስኪል ይድረቅ። እርጥቡ ተከምሮ ካደረ ይሞቃል፣ ይሻግታል፤ የሻገተ ጌሾ ጥንስሱን ያበላሻል።

ለአንድ ቤት ድግስ ሳይጨምር 5 ወይም 6 ቁጥቋጦ በቂ ነው። 8 ይግዙ፤ ሁሉም አይጸድቅም፣ በቀጣዩ ዓመት አንድ ሁለት ለመተካት ተመልሶ መሄድ ከችግኙ ዋጋ የበለጠ ያስወጣል። ሲጫኑ ደግሞ አይሱዙ አናት ላይ አያስሯቸው። ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ ድረስ ነፋስ ሲገርፈው የሄደ ቅጠል ደርቆ ይደርሳል። በካርቶን ውስጥ ቀጥ አድርገው፣ ቱቦዎቹን አጠጋግተው፣ ከመነሳትዎ በፊት አጠጥተው ከውስጥ ይጫኑ፤ ሲደርሱም ሌሊቱን ጥላ ሥር ያሳድሯቸውና በማግስቱ ሲመሻሽ ይትከሉ።